በሸካራ ሴራሚክ ላይ ስለሚደርቅ ሲሚንቶ

አዲስ ቤት ተሠርቶ ቁልፉ በተረከበ ሰሞን ከሚሰሙት ቅሬታዎች አንዱ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ነገር ነው። ጥቁር ግራጫ ነው ተብሎ የተገዛው ሴራሚክ እንደ ወፍጮ ቤት ወለል ነጥቶ ይታያል። ውሃ ሲያፈሱበት ነጩ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል። ብዙዎች ይህን እንደ ትንሽ ነገር ቆጥረው ያልፉታል። እኛ ግን ትንሽ ነው ብለን አናምንም።

ሠራተኛው በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነጭ ሲሚንቶ ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ መሙያ በውሃ በጥብጦ በወለሉ ላይ ይገፋዋል። ድብልቁ ታዲያ ወደ ክፍተቱ ብቻ አይገባም፤ በሴራሚኩ ፊት ላይም ይቀራል። ሴራሚኩ ልስልስ ቢሆን በእርጥብ ስፖንጅ ሁለት ጊዜ ቢታበስ ይለቅ ነበር። የመታጠቢያ ቤት ወለል ግን እግር እንዳያንሸራትት ተብሎ ሸካራ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ስፖንጁ በጉብታዎቹ ላይ ሲያልፍ በጎድጓዶቹ ያለው ሲሚንቶ እዚያው ተኝቶ ይቀራል። ሲሚንቶም እንደ ጭቃ ውሃው ተንኖ ብቻ የሚደርቅ አይደለም፤ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። በውስጡ የሚፈጠረው ኖራ ደግሞ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። እንግዲህ ባለቤቱ በሳሙና ሊያጥበው የሚታገለው አቧራ ሳይሆን ድንጋይ ነው። ጎድጓዶቹም በተሞሉ መጠን ወለሉ ሸካራነቱን ያጣል፤ እንዳያንሸራትት ዋጋ የተከፈለበት ወለል ሽማግሌና ሕፃን የሚጥል ይሆናል።

ከበሽታው ይልቅ የሚያስፈራን ግን መድኃኒቱ ነው። የቤቱ ጌታ ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገዝቶ ለቤት ሠራተኛይቱ ይሰጥና ወደ ቢሮው ይሄዳል። እርስዋም መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብላ ትፈትጋለች። እንፋሎቱ ሳንባን ይጎዳል፤ የቧንቧውንም ኒኬልና ክሮም ይበላል። አሲዱ ነጩን ነገር ሲያነሣ በክፍተቱ ውስጥ ያለውንም መሙያ አብሮ ያነሣልና ውሃው ወደ ታች ጎረቤት መውረድ ይጀምራል። ይባስ ብሎ በዚያው ላይ በረኪና ከተጨመረበት የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ጀርመኖች በ1915 እ.ኤ.አ. በቤልጅግ አገር በኢፕር ጦር ግንባር የለቀቁት መርዝ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ይህን አንድ ነገር እንኳ ለቤተሰባቸው ቢነግሩ ትምህርታቸው ዋጋ አገኘ እንላለን።

የሚሻለው ከቀላሉ መጀመር ነው። መሙያው እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ያህል ይታገሡት፤ ከዚያ በኋላ በንጹሕ ውሃና በናይሎን ብሩሽ ይሞክሩት። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይጠቀሙ፤ ስብርባሪው በጎድጓዱ ቀርቶ ይዝጋል። ውሃው ብቻ ካልበቃ አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ ይበጥብጡ፤ ነገር ግን አስቀድመው ወለሉን በውሃ ያርጥቡት፤ ክፍተቶቹ ውሃ ከጠገቡ አሲዱን አይጠጡም። አቼቶው ሲፈስ አረፋ ቢታይ የኖራው ድንጋይ እየሟሟ መሆኑን ያስረዳል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በብሩሽ እየዞሩ መፈተግ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ይኸውም የተፈተገውን ነጭ ውሃ ተኝቶ እንዲደርቅ መተው ነው። ከደረቀ ተመልሶ በዚያው ጎድጓድ ይቀመጣልና ወዲያው በጨርቅ መጥጦ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። አንዴ ካልለቀቀ አሲዱን ከማጠንከር ሥራውን መድገም ይሻላል። ወለሉ እብነ በረድ ከሆነ ግን አቼቶም ሎሚም አይንካው፤ እብነ በረድ ራሱ በአሲድ የሚሟሟ ነው። መሙያው ኤፖክሲ ከሆነም አሲድ ምንም አይፈይድም።

ይህ ሁሉ ድካም በሥራው ቀን በግማሽ ሰዓት ሊቀር ይችል ነበር። ሠራተኛው ጥቂት ካሬ ብቻ እየሞላ፣ ድብልቁ መጠንከር ሲጀምር፣ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅና ቶሎ ቶሎ በሚለወጥ ውሃ ቢያብሰው ነጩ ነገር አይኖርም። ታዲያ ለምን አያደርገውም? ክፍያው በካሬ ስለሆነ ነዋ! ቆም ብሎ ማበስ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ የሚያቃጥል ሆኖ ሳለ ጓንት የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ወቀሳችን በሠራተኛው ላይ አይደለም፤ የማበሻውን ጊዜ በውሉ ውስጥ ሳይቆጥር ዋጋ በሚቆርጠው ላይ ነው።

በመሥሪያ ቤታቸው ስም ሕንፃ የሚረከቡ ወጣት ሹማምንትም እዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። ርክክቡ በጠዋት፣ ወለሉ ገና ታጥቦ ሲያንጸባርቅ ከሆነ፣ ይጠርጥሩ። ደርቆ እስኪታይ ይጠብቁ፤ የእጅ ባትሪያቸውንም ወደ ወለሉ ዝቅ አድርገው ከጎን ያብሩበት። ነጩ ነገር ከታየም ፊርማው እስከ ማግስቱ ይቆይ።