ጀርባው የጎበጠ ልጅ

በከሚሴ ማታ ትምህርት ሲያልቅ አንዲት እናት ጠየቁን።

«የልጄ ጀርባ ጎበጠ። እርግማን ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ እናታችን። በሽታ ነው» አልናቸው።

አከርካሪ የሰውነት ምሰሶ ነው። 12 አጥንቶቹ ጎድኖቻችንን ይይዛሉ። እነሱ በጣም ሲጣመሙ ደረት ይጠባል። ሳንባ ይጨነቃል። ልጁ ዳገት ሲወጣ ቶሎ ያለከልካል።

አንዳንዱ ጉብጥና አብሮ ይወለዳል። አንዳንዱ በእድገት ጊዜ ይመጣል። አንዳንዱን የአከርካሪ ቲቢ ያመጣዋል። ቲቢ በመድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል።

ልጆቻችንን እንዲህ እንያቸው። ልጁ ሸሚዙን ያውልቅ። እግሩን ገጥሞ ጎንበስ ይበል። ከኋላው እንቁም። አንዱ ጎን ከፍ ካለ፣ ወይም ጉብታ ካየን፣ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ወጌሻ አሽቶ አያቀናውም፤ ሊጎዳውም ይችላል።

በአዲስ አበባ ዶክተር ሪክ ሆድስ እንዲህ ያሉ ብዙ ሕሙማንን ረድተዋል። የጠናባቸውን ለቀዶ ጥገና ወደ ጋና ልከዋል። እዚያ ዶክተር ቦአቺ አጄ ያቋቋሙት የአጥንት ሆስፒታል በ2004 ዓ.ም. በአክራ ተከፍቷል።

ጋና ሩቅ ነው። ጤና ጣቢያው ግን ቅርብ ነው። ቶሎ የታየ ልጅ ቶሎ ይረዳል።

እናትየዋም፣ «እንግዲያው የሰኞው የባቲ ገበያ ይቅርብኝ። ኢንሻ አላህ ልጄን አሳየዋለሁ» አሉን።