ጠበቃ የሌለው ውኃ

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ላይ ሰበታ ታክሲ ስጠብቅ፣ በእጄ የያዝኩትን የቀርከሃ ዘንግ ያየ አንድ ሰው «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ብሎ ተረተብኝ። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ታክሲው ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ያ ሰው የተናገረው የራሱን አስተያየት ብቻ አልነበረም፤ የብዙዎቻችንን ነው። በእኛ ዘንድ መንጠቆ የያዘ ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው፣ ወይ የሚበላው ያጣ ችግረኛ ነው፣ ወይ ፈረንጅ ነው። በጣና ዙሪያ ወይጦዎች ከማንም ይበልጥ ሐይቁን እያወቁ ስንት ዘመን ተንቀውና ተገልለው ኖሩ! ዕውቀታቸውን ማን ጠየቃቸው?

ይህን የምጽፈው ለራሴ መዝናኛ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው። በመንጠቆ የሚያጠምድ ወዳጅና ያንን ወዳጅ እየመራ ውኃውን የሚያሳይ የሰፈር ልጅ የሌለው ወንዝ፣ ጠበቃ የለውም። ጠበቃ የሌለው ወንዝ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ማየት ይበቃል።

ጠበቃ ያለው ውኃ ምን እንደሚመስል ግን በመጀመሪያ ከሩቅ አገር ልጥቀስ። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ጠረፍ፣ ታርፐን የሚባል ዓሣ አለ። ቅርፊቱ እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ ትልቁ ከሰው ይከብዳል፤ ከ50 ዓመት በላይ የሚኖርም አለ። ውኃው አየር ሲያጥረው ብቅ ብሎ ከላይ ይስባል። መዋያው ባሕር የሚገባባቸው ረግረጎችና በማንግሮቭ ዛፎች መካከል ያሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ናቸው። የበጋው ሙቀት ረገብ ሲል፣ በእኛ መስከረምና ጥቅምት፣ ትንንሽ ዓሦች በመንጋ ወደ ደቡብ ሲጓዙ ታርፐን ይከተላቸዋል፤ አጥማጁ ደግሞ ታርፐንን ይከተላል። ሥጋው እሾሃም ስለሆነ እዚያ አገር የሚበላው የለም ማለት ይቻላል። ሰው ለመሪው በመቶ የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ታግሎ ይይዘውና መልሶ ይለቀዋል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከልዩ ፈቃድ በቀር መልቀቁ በደንብ የታዘዘ ሆኖአል።

ይህ ለእኛ ጆሮ ዕብደት ይመስላል። የሚቀጥለውን ግን እናስተውል። ከኦኪቾቢ ሐይቅ የሚለቀቀው ማዳበሪያ ያዘለ ውኃ የጠረፉን ውኃ ሲያበላሽ፣ ከጮኹት መካከል እነዚሁ ጀልባ ነጂ መሪዎች ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. በፎርት ማየርስ «ካፕቴኖች ለንጹሕ ውኃ» የተባለ ማኅበር መሠረቱ፤ ከባለሥልጣን ደጅም ሄደው ተሟገቱ። እነዚህ ሰዎች ፈላስፎች አይደሉም። ውኃው ሲሞት የማን ምሳ አብሮ እንደሚሞት ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ያ ውኃ በሙገር አድርጎ ዐባይ ይገባል። የቡራዩው ገፈርሳና የሰበታ ወንዝ ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ሦስቱ ከተሞች የተቀመጡት በሁለት ታላላቅ ወንዞች ራስጌ ላይ ነው ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ስለ መሬትና ስለ ወሰን ብዙ ተነገረ። ስለ ወንዙ የተናገረ ግን እኔ አልሰማሁም።

ገፈርሳን እንመልከት። ከግድቡ የሚወጣውን ውኃ አጣርተን አዲስ አበባ ላይ እንጠጣለን። ዳር ዳሩን በአገራችን ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ይግጣል። ይኸው ወንዝ ግድቡን አልፎ ትንሹ አቃቂ ተብሎ ከተማውን ሲያቋርጥ ግን ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለማየት አፍንጫ መያዝ ያሻል። ተመራማሪዎች በአቃቂ ውኃ በሚለማው ጎመንና ሰላጣ ላይ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ከጻፉ ዓመታት አልፈዋል። ጎመኑን ግን ዛሬም እየበላን ነው። ጠዋት የጠጣነውን ወንዝ ማታ በእጣቢያችን እንገድለዋለን፤ በማግሥቱ ደግሞ ከገበያ ገዝተን ቤታችን እናስገባዋለን።

ሰበታ ላይ ነገሩ ከዚህም የባሰ ቀልድ ነው። የአገሪቱ የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያ ነው። በኩሬዎቹ ቀረሶ፣ አምባዛና ካርፕ ይረባሉ፤ ጫጩቶቻቸው ወደየግድቡና ወደየኩሬው ይላካሉ። ባለሙያዎቹ የሚመሰገን ሥራ ይሠራሉ፤ ክርክሬ ከእነሱ ጋር አይደለም። ክርክሬ ከአጥሩ ውጭ ካለነው ጋር ነው። ለመላ አገሪቱ ዓሣ የምታድለው ከተማ፣ ደጇ ላይ ባለው ወንዝ ውስጥ ዓሣ ይኑር አይኑር የሚጠይቅ ነዋሪ እንዴት ታጣለች?

አንድ ጠያቂ አውቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመፀው፣ ከሰበታ ወረድ ብሎ ካለ ጅረት የወሰደኝ የ14 ዓመት ያህል ልጅ ነው። ዓሣን በቋንቋው «ቁርጡሚ» ይለዋል። «ጋሼ፣ ጥላዎን ውኃው ላይ አይጣሉ፤ ቁርጡሚ ያየዎታል» አለኝ። ድንጋዩን ፀሐይ እስኪያሞቀው አስጠበቀኝ፤ ትሉን በየትኛው አዙሪት እንደምጥል አሳየኝ። ጣት ጣት የሚያህሉ ሦስት ነጭ ዓሦች ያዝን። ለዚያ ቀን የከፈልሁት ገንዘብ ለአንድ ምሳ የሚበቃ ነበር፤ ያስተማረኝ ግን ከብዙ መጽሐፍ ያላገኘሁትን ነው። በዓመቱ ስንመለስ ጅረቱ አረፋ ደፍቆ ጠበቀን። ከየትኛው ድርጅት ቱቦ እንደሚወርድ ልጁ በጣቱ አሳየኝ፤ እኔ ስሙን አልጠራም። ለሚመለከተው ክፍል አመለከትሁ። «ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ባለንብረት አለ?» ተባልሁ። ባለንብረት! ልጁ የባለንብረትነት ወረቀት የለውም፤ ዓሣውም የለውም። ልጁ አሁን ኮብልስቶን ጠራቢ ነው። የሚያውቀውን ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀውም።

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ናይል ፐርች ፍለጋ ወደ ጫሞና ወደ ባሮ የሚመጡት አብዛኞቹ ፈረንጆች ናቸው። በባሌ ተራራ ወንዞች ያለው ትራውትም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ቅንጦቱ የፈረንጅ የሆነው ግን እኛ ስለተውነው ነው። ጀልባውን የሚቀዝፈውና ዓሣው ያለበትን የሚያውቀው የእኛ ልጅ የቀን ሠራተኛ ይባላል፤ መሪ ነህ ያለው የለም።

«ባሕር የለንም» የሚሉም አሉ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ በእርግጥ የለንም። ነገር ግን በጣና ያለውን የነጭ ዓሣ ዘር በዓለም ላይ ሌላ አገር አያገኘውም። ይህ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ለመራባት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ሲወጣ፣ በወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ እንቁላሉን እንደያዘ ይቀበለዋል። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ በሦስት አራተኛ ገደማ እንደቀነሰ ጽፈዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ግን ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ መረብ አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው እንጀራው በዓሣው መኖር ላይ የተመሠረተ ሰው ነው።

«የተራበ ሰው ባለበት አገር ዓሣ ይዞ መልቀቅ ግፍ ነው» የሚለውን ክርክር አከብራለሁ። እኔም ሁሉም ይለቀቅ አላልሁም። የሚበላ ይብላ፤ እንቁላል የያዘችው ግን ትለፍ። የዘንድሮውን እራት ከከርሞው ጋር አንድ ላይ መብላት ረኀብን አያስታግሥም። መንጠቆ የያዘ ሰው ይህን መምረጥ ይችላል። መረብና የፋብሪካ ቱቦ ግን አይመርጡም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሰበታ የሚወጣው ጫጩት በከተሞቹ ዙሪያ ባሉ ተስማሚ ኩሬዎች ይለቀቅ፤ በመፀው ቀናት በፈቃድና በክፍያ ማጥመድ ይፈቀድ። ገፈርሳ የመጠጥ ውኃ ነውና ማንም እንዳሻው ይግባበት አልልም። የየሰፈሩ ወጣቶች ተመዝግበው መሪዎች ይሁኑ፤ ከክፍያው ድርሻ ይኑራቸው። ለምዝገባው ምላሽ ደግሞ አንድ ሥልጣን ይሰጣቸው፦ ውኃው ሲበላሽ ባለጉዳይ ሆነው የመክሰስ። ያኔ «ባለንብረት አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኖረናል። ይህ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው መንጠቆ የያዘን ልጅ ሥራ ፈት ማለት መተውን ነው።

ያ ታክሲ ተራ ላይ የተረተብኝ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ቅር እንዳይለው። ለሚመጣው መፀው ሁለተኛ ዘንግ አዘጋጅቼለታለሁ፤ መሪ የሚሆነንን ልጅ ከኮብልስቶኑ ላይ እንለምነዋለን። የምንሄድበት ንጹሕ ጅረት በሰበታ ዙሪያ የሚያውቅ ሰው ካለ ግን ይንገረን፤ እኔ እስካሁን እየፈለግሁ ነው። በተረፈ ተሳስተሃል የሚለኝ ቢኖር ብዕሩን ያንሣ።