ፒራሚዱን የሠራው ማን ነው?

ፒራሚዶችን የሠሩት ኔፊሊም ወይም የወደቁ መላእክት ናቸው የሚሉ ቪዲዮዎች በጸሎት ቡድኖቻችን መካከል ይዘዋወራሉ። እስራኤላውያን ባሮች ናቸው የሠሩት የሚሉም አሉ። ወገኖች ሆይ፣ ይህን ከማስተላለፋችን በፊት ቃሉን እንመልከት።

ዘፍጥረት 6 ስለ ኔፊሊም ሲናገር ስለ ግንባታ አንዳች አያነሣም። ዘጸአት 1 ደግሞ እስራኤላውያን በጭቃና በጡብ ደክመው የሠሯቸውን ከተሞች ፊቶምና ራምሴ ብሎ በስም ይጠራል። በጊዛ ያለው ትልቁ የኩፉ ፒራሚድ ግን ሙሴ ከመወለዱ ከ1000 ዓመት በላይ አስቀድሞ ቆሞ ነበር።

ታዲያ ማን ሠራው? ሰዎች ሠሩት፤ ምስክሩም በእጃችን አለ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ከሚሆኑት ድንጋዮች አብዛኞቹ የተፈለጡት እዚያው ጊዛ ነው። ነጩ የውጭ ልባስ ከዓባይ ማዶ፣ ከቱራ በጀልባ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ በተገኙ ፓፒረሶች ላይ ሜረር የተባለ የሠራተኞች አለቃ ይህን ድንጋይ እንዴት ያመላልሱ እንደነበር በየዕለቱ መዝግቧል። በፒራሚዱ አቅራቢያ የሠራተኞቹ መቃብር ተገኝቷል፤ አጥንታቸው ጀርባቸው በሸክም መጎዳቱን፣ የተሰበረ እጃቸውም ታክሞ መዳኑን ያሳያል።

ድንጋዩ ወደ ላይ የወጣበት መንገድ ምን ዓይነት እንደነበር ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ነገር ግን ያልገባንን ሁሉ ለአጋንንት መስጠት መንፈሳዊነት አይደለም። እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ሲፈጥር ጥበብንና ብርታትን ሰጥቶታል። የእነዚያን ሰዎች ላብ ለወደቁ መላእክት ስንሰጥ፣ የሰጪውን ክብር እንነካለን።

ሌላም አደጋ አለ። እውነትን የሚፈልግ አንድ ወጣት ስለ ፒራሚዱ የነገርነው ተረት መሆኑን ቢደርስበት፣ ስለ ጌታ ባዶ መቃብር የምንመሰክረውን እንዴት ይቀበለናል? ወንጌል የፈጠራ ድጋፍ አያስፈልገውም። ጳውሎስም በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21 ሁሉን እንድንመረምርና መልካሙን እንድንይዝ አዝዞናል።

ኩፉ ለዘላለም ብሎ ያን ሁሉ ድንጋይ በላዩ አስከመረ፤ ዛሬ የድንጋይ ሣጥኑ ባዶ ነው፣ አስከሬኑም የት እንደደረሰ አልታወቀም። ጌታችን በሰው መቃብር ተቀበረ፤ በሦስተኛው ቀንም በኃይል ተነሣ። ልንደነቅበት፣ ለወዳጆቻችንም ልናስተላልፈው የሚገባን ይህ ነው።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።