ማሳሰቢያ፦ ቀልቷል ተብሎ ወደ መኝታ ቤት ስለሚገባ ከሰል

ይህ ማሳሰቢያ የተጻፈው ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ነዋሪዎች ነው። በተለይ መኝታውም ማብሰያውም አንዲት ክፍል ለሆነባችሁ፣ ቤት ለምታከራዩ፣ ዘበኛ ለቀጠራችሁና አራስ ለምትንከባከቡ ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር የሱሉልታ ሜዳ ውርጭ ለብሶ የሚያነጋበት ሌሊት አለ። በቡራዩ በገፈርሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይሰብራል። ሰበታ ከሁለቱ ዝቅ ብላ ብትገኝም ሌሊቷን በአንድ ብርድ ልብስ መግፋት ከባድ ነው። ብርዱ ሲበረታ፣ በዓል ደርሶ ድስት እሳት ላይ ሲያመሽ ወይም ዝናብ ሲጥል ማንደጃው ከደጅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። በማግስቱ ጎረቤት በር ሰብሮ ሲገባ ባልና ሚስት፣ አንዳንዴም ከነልጆቻቸው፣ በተኙበት ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ዜና ለጆሯችን አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። አደጋው ግን አልቆመም። እኔ እንደማምነው አንዱ ምክንያት አብዛኞቻችን የምንፈራው ጭሱን ብቻ መሆኑ ነው።

ልማዳችንን አስቡት። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፣ ይራገባል፣ ጥሬው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ፍም ሲሆን «አሁንስ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። ይህን የሚያደርጉት ግድየለሾች አይደሉም። ቤተሰባቸውን ከጭስ ለመጠበቅ የሚጨነቁ ጥንቁቅ እናቶችና አባቶች ናቸው። ነገር ግን ከቀላ ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። እንጨት ሲጨስ ዓይናችን ያለቅሳል፣ እናስላለን፣ ሳንወድ በር እንከፍታለን። ፍም ግን አጠገቡ ተኝተን እየገደለን እንኳ ምንም አያሳውቀንም። ያልቀላው ከሰልም ጋዙን ያወጣል፤ ልዩነቱ ጭሱ ቀድሞ ከቤት ያባርረናል።

አገዳደሉ እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ቢሆን እንኳ ሌሊቱን ሙሉ በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። አንጎልና ልብ ኦክስጅን ያጣሉ። የተኛ ሰው እንቅልፉ እየከበደ ይሄዳል እንጂ አይነቃም። የነቃም ቢሆን ጉልበቱ ከድቶት፣ ሐሳቡ ተምታቶበት፣ በሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ሳለ ሳይደርስበት ሊወድቅ ይችላል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሰው በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ገና ከመነሻው የሚተርፈን አየር የለንም።

ከቀላው ከሰል ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ የተዳፈነው እሳት ነው። ለጠዋት ቡና እንዲቆይ ፍሙን አመድ አልብሶ ማንደጃውን አልጋ ሥር ወይም ጥግ ላይ ማሳደር ከእናቶቻችን የወረስነው ብልሃት ነው። አመድ የለበሰ ፍም ሙቀቱ ቀዝቀዝ ስላለ የሞተ ይመስላል። ነገር ግን ኦክስጅን እያጠረው ቀስ ብሎ የሚነድ እሳት የሚያወጣው ይህንኑ ጋዝ ነው፤ ያውም ለረጅም ሰዓት። እጣን ማጨስ ጋዙን አያጠፋውም። ከማንደጃው አጠገብ ውሃ ማስቀመጥም አይቀንሰውም።

«እናቶቻችን በዚያው ኖረው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ኖረዋል፤ ቤታቸው ግን ሌላ ነበር። የሣር ክዳኑ ጎጆ በየቀዳዳው አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። የዛሬው የኪራይ ክፍል በብሎኬት ተሠርቶ፣ ተለስኖ፣ የብረት በርና መስኮት ተገጥሞለት፣ ከላይ በኮርኒስ ተደፍኗል። የጭቃ ቤትም ቢሆን ግድግዳው በጋዜጣና በፕላስቲክ ሲለጠፍ፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ሲወተፍ፣ ኮርኒሱ በማዳበሪያ ከረጢት ሲሸፈን ያው ነው። ለብርዱ ብለን የደፈንነው ቀዳዳ ሁሉ የጋዙ መውጫ ነበር።

ከሁሉም የከፋው የብረት ቤት ነው። በግንባታ ቦታ ሠራተኛ የሚያድርበት ኮንቴይነር፣ በየመንገዱ ዳር ሱቅም መኝታም የሆነው ኮንቴይነር፣ የሲኖትራክ ጋቢና፣ በየመጋዘኑ በር ላይ ያለው የዘበኛ ቆርቆሮ ቤት የዚህ ወገን ናቸው። ኮንቴይነር የተሠራው የባሕር ውሃ እንዳይገባበት ነው፤ በሩ ዙሪያውን በጎማ የታሸገ ነው። የብረት ቤት አደጋ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ቦዮች ላይ ወርዳቸው ከ2 ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ጠባብ የብረት ጀልባዎች ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። በብርዱ ወራት በከሰል ድንጋይና በእንጨት ምድጃ ይሞቃሉ፤ ከእነሱም መካከል በዚሁ ጋዝ ሕይወታቸው ያለፈ አለ። ስለዚህ ጀልባ ቤትን መንከባከብ ሲባል ከቀለሙና ከሞተሩ እኩል የጭስ ማውጫ ቧንቧውን መጥረግ፣ የምድጃው በር በደንብ መግጠሙን ማየት፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ምንም ቢበርድ አለመድፈን ማለት ነው። ጀልባው በየ4 ዓመቱ ይመረመራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ደግሞ ሰው የሚያድርበት ጀልባ ሁሉ ይህን ጋዝ ሲያሸት የሚጮህ ማንቂያ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ደጅ ሥጋ የጠበሱበትን ማንደጃ ፈጽሞ ሳይበርድ ወደ ውስጥ እንዳያስገቡም ይመከራሉ። ልብ በሉ፣ የእነሱ ምድጃ ጭሱንና ጋዙን ወደ ሰማይ የሚያወጣ ቧንቧ እያለው ነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ። የእኛ ማንደጃ አፉ ክፍት ነው፤ የሚያወጣው ሁሉ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ወደ አከራዮች ልምጣ። ወደ ከተሞቻችን ለፋብሪካ፣ ለአበባ እርሻና ለቀን ሥራ የሚመጣው ወጣት ጥቂት አይደለም፤ ማረፊያውም በአንድ ግቢ ተደርድረው የተሠሩ ክፍሎች ናቸው። ብዙ አከራዮች ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ተከራይ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዳይጠቀም ይከለክላሉ። ኩሽና ግን አልሠሩለትም። ደጅ እንዳያበስል ዝናብና ሌባ አለ። እንግዲህ ይህ ልጅ በከሰል ካልሆነ በምን ራቱን ይሠራል? ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ሲያበስልና በዚያው እንቅልፍ ሲወስደው ጥፋቱን በእሱ ብቻ መጫን ፍትሕ አይመስለኝም። ግቢው ውስጥ ጣራ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የጋራ ማብሰያ ዳስ ሥሩ፤ ጥቂት ቆርቆሮና እንጨት ነው የሚፈልገው። ለየክፍሉ በተቃራኒ ግድግዳዎች ሁለት ቀዳዳ፣ አንዱን ዝቅ አንዱን ከፍ አድርጋችሁ፣ በወንፊት ሽቦ ሸፍናችሁ አውጡ፤ ሲበርድ እንዳይወተፉም ተከራዩን አስጠንቅቁ። ቀዳዳው ግን ከሰል ይዞ ለመተኛት ፈቃድ አይሆንም።

ጥበቃ የምትቀጥሩ ደግሞ ዘበኛው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ ሄዳችሁ እዩ። ካቦርትና ብርድ ልብስ ሳይሰጠው በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው ከሰል ማቀጣጠሉ የማይቀር ነው። «ከሰል አታስገባ» ብላችሁ ስትከለክሉ የሚሞቅበትን ነገር አብራችሁ ስጡት።

አራስ ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ። አራስ ብርድ እንዳይመታት በር መዝጋትና ፍም ማስገባት በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው፤ እናት፣ አክስትና ጎረቤት ተሰብስበው የሚያደርጉት ነው። ሕፃን ግን ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጋዙ ፈጥኖ ይጎዳዋል። ነፍሰ ጡር ሴትም እሷ ራስ ምታት ብቻ ተሰምቷት ሲያልፍላት ጽንሱ በጽኑ ሊጎዳ ይችላል። ክፍሉን ማሞቅ ካስፈለገ አራሷና ልጇ ሌላ ክፍል ሆነው፣ በርና መስኮት ተከፍቶ ይሙቅ። ማንደጃው ይውጣ፣ አየሩ ይለወጥ፤ ከዚያ ይግቡ። ክፍሉ አንድ ብቻ ከሆነ ከሰሉ ይቅር። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ አጥብቆ ከድኖ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእናትየው እግር አጠገብ ማድረግ፣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አቅፋ ጋቢ መደረብ ከማንደጃ የተሻለ ነው። ጠርሙሱ የሕፃኑን ገላ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

ለሌሎቻችንም መንገዱ ያው ነው። በከሰል ማብሰል የሚገባው ደጅ ወይም በሩና መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ቤት ነው። ቡናም ሲፈላ በር ክፍት ይሁን። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ይውጣ፤ ሌባ የሚወስደው ከሆነ ፍሙን በውሃ አጥፍቶ፣ ፈጽሞ መብረዱን በእጅ አይቶ ማስገባት ይቻላል። በክረምት ልብስ ለማድረቅ ፍም አስገብቶ በዚያው ማንቀላፋትም ያው አደጋ ነው። መብራት ሲጠፋ ሱቅ ወይም ኮሪደር ውስጥ የሚነሳ ጄኔሬተርም ይህንኑ ጋዝ በብዛት ያወጣል፤ ደጅ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ።

ምልክቶቹን እወቁ፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የጉልበት መክዳት፣ የሐሳብ መምታታት። ብዙ ጊዜ ከጉንፋን ወይም ከምግብ መመረዝ ጋር ይምታታሉ። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ደጅ ሲወጡም ቀለል ካላቸው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ሁላችሁም ውጡ። የወደቀ ሰው ካገኛችሁ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ ሳትዘገዩ ጎትታችሁ አውጡት። እዚያው ክፍል ውስጥ ልርዳው ብሎ የቆየ አዳኝም አብሮ ይወድቃል። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ መተንፈስ ካቆመ ሥልጠና ያለው ሰው ሳይዘገይ ደረቱን መጫን ይጀምር። ጸበል መውሰድ የምትፈልጉ ቤተሰቦች፣ እባካችሁ አስቀድማችሁ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም አድርሱት። በንጹሕ አየር ብቻ ከደም ውስጥ የጋዙ ግማሽ ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ጤና ተቋም ስትደርሱ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ከሰል ነበር» የሚለው ይሁን። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ለይቶ ስለማያውቅ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ታሪኩን ካልነገራችሁ በሽተኛው ደህና ነው ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ነቅቶና ተናግሮ ወደ ቤት የተመለሰ ሰውም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት፣ የጠባይ መለወጥ ወይም የአካሄድ መዛባት ካሳየ ከዚያው ሌሊት ጋር አያይዛችሁ ለሐኪም ንገሩ።

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ምን ላምጣላችሁ ብሎ ሲጠይቅ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በሉት። በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ዕቃ ነው። የጭስ ማንቂያ የሚባለው ሌላ ነው፤ ይህን ጋዝ አያውቀውም። በዕቃው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ዓመት ተመልከቱ፤ ካለፈበት አይታመንም። ማንቂያ ቢኖርም ከሰል ይዞ አይተኛም፤ ማንቂያው ለተረሳው ቀን ነው።

በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ መጠሪያው 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በእኛ ከተሞች ሌሊት አምቡላንስ ሊዘገይ ስለሚችል ዛሬውኑ ሌሊት ክፍት የሆነውንና ኦክስጅን ያለውን ቅርብ ጤና ተቋም አጣሩ። ስልኩን፣ በሰፈራችሁ ሌሊት የሚነሳ የባጃጅ ወይም የመኪና ባለቤት ስልክም ጨምራችሁ፣ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፉት።