ዕዳችን ከማዕዳችን ይጀምራል



በዋጫ አንድ ቀብር ላይ ነበርን። ለሶላተል ጀናዛ ሰልፉ ከተስተካከለ በኋላ የሟች ታላቅ ልጅ እንደ ልማዱ ወደ ፊት ወጥቶ «አባቴ የተበደረው ሰው ካለ ይንገረኝ፤ እኔ እከፍላለሁ» አለ። በየጀናዛው የምንሰማው ቃል ስለሆነ ልብ ያለው አልነበረም። ከሰልፉ ግን ሦስት ሰዎች ወጡ። አንዱ የሱቅ የዱቤ ደብተር ይዟል፤ ሁለተኛው ገና ላልበሰለ ቡና በክረምት ገንዘብ ቀድሞ ሰጥቷል፤ ሦስተኛው የሟችን የቡና ማሳ በወለድ አገድ ይዟል። ልጁ ደነገጠ። በኋላ እንደሰማነው ባለቤቱም የምታውቀው የሱቁን ብቻ ነበር።

ያ ሰው ሰካራም አልነበረም፤ ቁማርተኛም አልነበረም። ሶላቱን የሚሰግድ፣ እንግዳ የሚያበላ፣ በመንደሩ የተከበረ አባወራ ነበር። ነገሩ የሚያስፈራውም በዚህ ነው፤ እርሱ እኛን ይመስላልና።

ውድ አንባቢያን! ዕዳ በዲናችን የቀለለ ጉዳይ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ዲናር ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ቀርቦላቸው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሱ ላይ እስኪወስድ ድረስ አልሰገዱበትም። ለሸሂድ ኃጢአቱ ሁሉ ሲማርለት ዕዳው ግን እንደማይማርለት ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። በቁርኣን ውስጥ ከሁሉ ረጅሙ አንቀጽ፣ በአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍ ነው። እኛ ግን አንቀጹን በጥሩ ድምፅ እየቀራን ዕዳችንን ሳንጽፍ እንኖራለን።

አንዳንዱ ወንድማችን ይህን ሲሰማ «ነቢዩም ተበድረዋል፤ ሲሞቱ ጥሩራቸው በመያዣ ላይ ነበር» ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ጥሩሩ በመያዣ የተሰጠው ለምን ነበር? ለቤተሰባቸው ቀለብ፣ ለሰላሳ ቁና ያህል ገብስ ነበር። ለድግስ አልነበረም፤ ጎረቤት እንዳያማ ለሚደረግ ግብዣም አልነበረም። አስቀድሞ የሚመለስበት ዋስትናም ተሰጥቶበታል። መበደር ሐራም ነው ያለ የለም። የምንከራከረው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ሳያስፈልግ ስለሚገባበት፣ ከሚስት ስለሚደበቅ፣ ሲሞላ ስለማይከፈል ዕዳ ነው።

ወደ አገራችን ወደ ካፋ እንመለስ። ቡናችን የሚለቀመው ከመስከረም ጀምሮ ነው። ገንዘብ የሚያልቀው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው። የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ የሚፈለገው ደግሞ ልክ ቡናው ሳይደርስ በፊት ነው። ባለገንዘቡ ይህን ያውቃል። እሸት ቡና በኅዳር ኪሎው ሰማንያ ብር የሚያወጣ ቢሆን፣ በነሐሴ መጥቶ «በአርባ ልውሰድልህ» ይላል እንበል። ገበሬው በሦስት ወር ውስጥ የላቡን ግማሽ አጣ ማለት ነው። የትኛው አራጣ አበዳሪ ነው ከዚህ የሚብሰው?

«ይህ ሰለም ነው፤ ዲናችን የፈቀደው ሽያጭ ነው» የሚሉ አሉ። ሰለም የተፈቀደ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሰለም መስፈሪያው፣ ክብደቱና ቀኑ የታወቀ፣ ዋጋውም በውሉ ጊዜ ተሟልቶ የሚከፈል ግብይት ነው። በአንድ በተወሰነ ማሳ ላይ ያለን፣ ገና አበባውን ያራገፈ ፍሬ ሳይበስል መሸጥ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከከለከሏቸው ሽያጮች ነው። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ሲለቀም ከፍሎ፣ ምርቱ ከጎደለ ደግሞ ጉድለቱን ለከርሞ በእጥፍ የሚጽፍ ሰው የሰለምን ስም አያንሳ።

የወለድ አገድስ? ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ገንዘብ ሰጥቶ፣ ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ በሰው ማሳ እየለቀመ መብላት፣ ወለዱን በቡና መቀበል ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ፉቀሃዎቻችን በውል ጥቅም የተቆረጠበት ብድር ሪባ መሆኑን ተናግረዋል። ከባንክ ወለድ እሸሻለሁ እያለ ባዶ እግሩን የሚሄድ ጎረቤቱን ማሳ በወለድ አገድ የሚይዝ ሙስሊም፣ ከሪባ የሸሸ ሳይሆን ሪባን ወደ ቤቱ ያስገባ ነው። ባለሱቁም ቢሆን የዱቤውን ዋጋ ገና ሲሸጥ ቆርጦ ቢናገር ብዙዎቹ ዑለማዎች ፈቅደውለታል፤ ቀኑ ሲያልፍ በዕዳው ላይ የሚጨምረው ግን ያው የጃሂሊያ ሪባ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በአበዳሪው ላይ ጭነን ብናልፍ ግን ራሳችንን እንሸነግላለን። የሱቁ ደብተር ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ገልጠን እንይ። ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ እንደገና ስኳር። እኔ የራሴን ቤት ደብተር ከባለቤቴ ጋር ሆኜ መስመር በመስመር ሳነብ ያፈርኩት በዚህ ነው። ጓሯችን እንሰት፣ ጎደሬና ጎመን ሞልቶበት እኛ በዱቤ ፓስታ እንበላ ነበር። ዶሮዎቻችን የጣሉትን እንቁላል ለገበያ ሰጥተን በገንዘቡ ለልጆች ብስኩት እንገዛ ነበር። እንቁላሉን የበላው ሌላ ልጅ ነው፤ ለእኛ ልጅ የቀረው የጥርስ ሕመም ነው።

ስለ ስኳር ብቻ እናስላ። ካፋ የቡና ምድር ነች፤ ደኗም በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አንድ ሰው በአንድ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢያደርግ፣ በአቦል፣ በቶናና በበረካ ስድስት ማንኪያ፣ ማለትም 24 ግራም ያህል ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። እንግዲህ አንድ ጊዜ በተፈላ ቡና ብቻ የተሻለው ልክ ሞልቷል ማለት ነው። አምስት አዋቂ ባለበት ቤት በቀን አንዴ ብቻ ቢፈላ እንኳ በወር ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ ስኳር ይሄዳል። አባቶቻችን ይህንኑ ቡና በጨው፣ በቅቤና በጤና አዳም ሲጠጡ ስኳር በዱቤ አልወሰዱም።

«ዕዳዬን ልክፈል፤ ደህና መብላት ከዚያ በኋላ ይደርሳል» የሚለው አነጋገርም ስህተት ነው። ደህና መብላት ማለት ብዙ ገንዘብ ማውጣት የመሰለን ለምንድን ነው? ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከባቄላ ጋር ሲበላ ነው ሰውነት የሚገነባው። በቆሎና ባቄላ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ይህ ሁሉ በጓሯችንና በሰፈራችን ገበያ ያለ ነው። የታመመ ልጅን ወደ ቦንጋ ወይም ወደ ጅማ ይዞ መሮጥም ሌላ ዕዳ ያስከትላልና፣ ጤናማ ማዕድ ራሱ ከዕዳ መከላከያ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሆድን ሦስት እጅ ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሲያካፍሉ ያስተማሩን ጤናን ብቻ አይደለም፤ ቁጥብነትንም ነው።

ረመዳንንም ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ቀኑን ሙሉ የምንጾምበት ወር የሱቃችን ደብተር ከሁሉ ይበልጥ የሚያብጥበት ወር እንዴት ሊሆን ቻለ? በዘይት የሚዋኝ ሳምቡሳ፣ ለኢፍጣር ሁለት ዓይነት ለስላሳ፣ ከዚያም ለዒድ አዲስ ልብስ፣ ሁሉም በዱቤ! ረሃብን ልንማርበት የተሰጠንን ወር ዕዳ ልንማርበት አደረግነው። ወሊማውም እንዲሁ ነው። ወሊማ ሱንና ነው፤ በተበደሩት ገንዘብ ሰንጋ መጣል ግን ሱንና አይደለም። ከዙህር በኋላ ለሚቃመው ጫት፣ ከጫቱ ጋር ለሚጠጣው ለስላሳ የሚወጣውን ደግሞ እያንዳንዱ አባወራ ለራሱ ይደምረው፤ ከደመረው በኋላ «ገቢዬ አነሰ» ማለት ከቻለ ይበል።

የቤት ሰላምስ የት ይደርሳል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ሰው ዕዳ ሲገባ ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባ እንደሚያፈርስ አስረድተዋል። ይህ ውሸት የሚጀምረው በቤት ነው። ባለዕዳ በር ሲያንኳኳ «አባባ የለም በል» ተብሎ የተላከ ልጅ፣ አባቱ ያስተማረው የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደሆነ እናስተውል። ሚስቱን «ስኳሩ እንዴት ቶሎ አለቀ?» እያለ የሚቆጣ ባል፣ ስለ ማሳው መያዣነት ግን ትንፍሽ የማይል፣ የቤቱ ጠባቂ ነኝ ማለቱ እንዴት ይሆንለታል?

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ባልና ሚስት አንድ ማታ፣ ከዒሻ በኋላ ቡና ሲፈላ፣ ዕዳውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ለማን፣ ስንት፣ መቼ። አንድም አይደበቅ። ሁለተኛ፣ አዲስ ዱቤ ይቁም፤ በእጅ ገንዘብ ያልተገዛ ነገር ለአንድ ወር ቢቀር ማንም አይሞትም። ሦስተኛ፣ ወደ ባለዕዳዎች ሳይጠሩን እኛው እንሂድ፤ ቀን እንቁረጥ፤ ትንሽም ብትሆን በቀኗ እናድርስ። አራተኛ፣ ከስኳር፣ ከዘይትና ከጫት የተረፈው ብር ወደ ቤት ወጪ ሳይመለስ በዚያው ሳምንት ለዕዳው ይዋል። አምስተኛ፣ ቡናችንን በነሐሴ አንሽጥ። በመንደራችን የኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ አባል እንሁን፤ በቦንጋ ያለው የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች ዩኒየንም የቆመው ለዚሁ ነው። ከወለድ ነፃ ባንክ የለም የሚለው ምክንያትም ዛሬ ቀርቷል፤ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገራችን ሥራ ላይ ነው። በኅዳር ከሽያጩ ላይ የሐምሌን ቀለብ ለይቶ ያስቀመጠ ሰው በነሐሴ የማንንም ደጅ አይጠናም።

እናንተ ያላችሁ ወንድሞች ሆይ! አላህ (ሱ.ወ) በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 280 ላይ የተቸገረ ተበዳሪ እስኪገላገል ድረስ እንዲታገሡት፣ ምሕረት ማድረግ ደግሞ የበለጠ እንደሆነ አስተምሯል። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከልም ባለዕዳዎች ይገኙበታል። ጎረቤታችሁን ከወለድ አገድ ለማውጣት ዘካችሁን ብታውሉ ለአንድ ቤተሰብ ማሳውን ብቻ ሳይሆን ክብሩን ትመልሱለታላችሁ። የመክፈል አቅም እያለው የሚያጓትት ደግሞ በዳይ መሆኑን አይርሳ።

በዚያ ቀብር ላይ የቆመው ልጅ ዛሬም የአባቱን ዕዳ እየከፈለ ነው። ቡናው ከማሳቸው ይለቀማል፤ የሚለቅመው ግን ሌላ ነው። እኛ ገና በሕይወት አለን። ልጆቻችን በጀናዛችን ፊት ቆመው ያንን ጥያቄ ሲጠይቁ ከሰልፉ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር፣ ሥራው ዛሬ ማታ ከማዕዳችን ይጀምር።

አላህ ዕዳችንን የምንከፍልበትን ሐላል ሲሳይ፣ በሰጠንም ላይ በረካውን ያድርግልን። አሚን።