«ዮርዳኖስ ሰላም ነው» ለተባላችሁ መንገደኞች



«ፓስተር፣ ወደ ዮርዳኖስና ወደ እስራኤል የሚሄድ ቡድን አለ፤ ልመዝገብ ወይ?» የሚል ጥያቄ ከ2023 ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ደጋግሞ መጥቶልኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ፣ ለዓመታት ገንዘብ ያጠራቀሙ ወይም ልጆቻቸው ከውጭ አገር ትኬት የቆረጡላቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ያየበትን የናባውን ተራራና ጌታ የተጠመቀበትን ወንዝ ማየት ይናፍቃሉ። ናፍቆታቸው መልካም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከአንዳንድ አስተባባሪዎች የሚሰጣቸው መልስ ነው፦ «ጦርነቱ ያለው እዚያ ማዶ ነው፤ ዮርዳኖስ ሰላም ነው። ደግሞስ እግዚአብሔር አለ አይደል!»

መልሱ እውነት አለበት። ዮርዳኖስ ከ1994 ጀምሮ ከእስራኤል ጋር የሰላም ውል ያላት፣ የጸጥታ ኃይሏ የተደራጀ፣ እንግዳ ተቀባይ አገር ናት። በውስጧ ጥቃት አልደረሰም ማለት ግን አይደለም። በ2005 በአማን ሦስት ሆቴሎች ላይ በአንድ ምሽት በደረሰው ፍንዳታ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል፤ በ2016 በከረክ ከተገደሉት መካከል አንዲት ካናዳዊት ጎብኚ ነበረች፤ በ2019 ደግሞ በጀረሽ ጎብኚዎች በስለት ተወግተዋል። ሆኖም እነዚህ በዓመታት የተራራቁ ናቸው። እውነቱን ለመናገር እኔ ከዚህ ይልቅ ከአማን እስከ ፔትራ ያለውን የሦስት ሰዓት የመኪና መንገድ እፈራለሁ።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ካርታው ላይ ነው። ከአማን እስከ ኢየሩሳሌም በአየር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሰሜን ሶርያ፣ በምሥራቅ ኢራቅ ይጎራበቷታል፤ ከኢራን ወደ እስራኤል የሚተኮሰው ሚሳኤልም በሰማይዋ ላይ ያልፋል። በኤፕሪል 2024 ኢራን ከ300 በላይ ድሮኖችና ሚሳኤሎች በላከችበት ሌሊት ዮርዳኖስ በአየር ክልሏ የገቡትን መትታ ስትጥል ስብርባሪው በአማን ሰፈሮች ወድቋል።

በጁን 2025 በነበረው የ12 ቀን ጦርነትም ብዙውን መንገደኛ ያስጨነቀው መውጫ ማጣት ነበር። ጦርነቱ በጁን 13 ሲጀመር የቴል አቪቭ አየር ማረፊያ ተዘጋ፤ ዮርዳኖስም የአየር ክልሏን ዘግታ በማግስቱ ከፈተች። በእስራኤል የነበሩ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ጎብኚዎች በረራ አጥተው ብዙዎቹ በየብስ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብፅ መውጣት ግድ ሆነባቸው።

እዚህ ላይ እያንዳንዳችሁ የያዛችሁትን ፓስፖርት አስቡ። አሜሪካዊው መንገደኛ በብዙ ድንበር ላይ ቪዛ ይመታለታል፤ የእኛ እናት ግን አስቀድማ ቪዛ ካልያዘች ድንበሩ ክፍት ቢሆንም ለእርሷ ዝግ ነው። የእስራኤል ቪዛዋ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ወደ ዮርዳኖስ ከተሻገረች መመለስ አትችልም። ወደ ኢየሩሳሌም የሚቀርበው የንጉሥ ሁሴን ድልድይ ላይ ደግሞ ለማንም ቢሆን የዮርዳኖስ ቪዛ አይሰጥም። ይኸው ድልድይ በሴፕቴምበር 2024 እና በሴፕቴምበር 2025 በተፈጸመበት ግድያ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ለስምንት ቀን ብቻ ይዛ የወጣች አንዲት እናት አምስት ቀን ብትጨምር ምን ትሆናለች?

ኢንሹራንስም አለ ይባላል። ውሉን አንብቡት። ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንሶች በጦርነት የመጣን ጉዳት አይሸፍኑም፤ መንግሥት «አትሂዱ» ብሎ ካስጠነቀቀ በኋላ ለሄደ ሰውም የማይከፍሉ አሉ።

«እግዚአብሔር አለ» ወደሚለው ልመለስ። አለ፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስን ተመልከቱ። በሮሜ እንዲመሰክር ጌታ ራሱ በሌሊት ቆሞ ነግሮት ነበር (ሐዋ. 23፥11)። እንደሚደርስ እያወቀ እንኳ ክረምቱ ሲቀርብ መርከቡ እንዳይነሣ፣ ጥፋትም እንደሚመጣ አስጠንቅቋል (ሐዋ. 27፥9-11)። የመቶ አለቃው የሰማው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ነው። ባለቤቱ ጭነቱ ካልደረሰ ይከስራል፤ ምክሩም ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት አያስቸግርም። በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍሳት ተረፉ፤ መርከቡና ጭነቱ ግን ጠፋ። ዛሬም «ሰላም ነው» የሚለን ሰው ጉዞው ቢቀር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያጣ መጠየቅ አለማመን አይደለም። መድረካችንን ለጉዞ ማስታወቂያ የምንሰጥ እኛ አገልጋዮችም ከዚህ ጥያቄ አናመልጥም።

ስለዚህ አትሂዱ እያልኩ ነውን? አይደለም። ቤተሰባቸው ተማክሮ፣ ተዘጋጅተው የሄዱና ደስ ብሏቸው የተመለሱ አውቃለሁ። በቅርቡ ለጠየቁኝ አንዲት እናት አራት ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፦ አየር ማረፊያው ቢዘጋ በየትኛው ድንበር፣ በምን ቪዛ ነው የምንወጣው? ለተጨማሪው ቀን ሆቴልና ምግብ የሚከፍለው ማን ነው? ኢንሹራንሱ ጦርነትን ይሸፍናል? ከመነሻው በፊት ብንተው ገንዘባችን ይመለሳል? «እማማ፣ ይህን ለአስተባባሪው ይስጡትና በጽሑፍ ይመልስልዎ» አልኳቸው። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ የመጣላቸው መልስ ቀሪውን ክፍያ ቶሎ እንዲያስገቡ የሚያሳስብ የስልክ መልእክት ብቻ ነው።