ሐያእ የሆስፒታል በር ላይ አይወልቅም



ስለ ሆስፒታል ስናነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ወረፋና ስለ መድኃኒት እጥረት ነው። ዛሬ ግን በየቤቱ በሹክሹክታ የሚነገር፣ በአደባባይ ለማንሳት የምናፍርበትን ጉዳይ እናነሳለን። እናታችን ወይም እህታችን ሆስፒታል ተኝታ፣ የሽንት ቱቦ የሚያስገባላት ወይም ገላዋን የሚያጥባት ነርስ ወንድ ሲሆን ምን ታደርግ?

አንዲት እህት ከቀዶ ጥገና በኋላ የገጠማትን ነግራናለች። የሆስፒታሉን ስም መጥራት አያስፈልግም። ቁስሏ ከእምብርቷ በታች ነው። ሊያጸዳላት የመጣው ነርስ ወንድ በመሆኑ «ሴት ነርስ ካለች ብትመጣልኝ» ብላ በትህትና ጠየቀች። ሴት ነርስ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሦስት አልጋ አልፋ ቆማለች። መልሱ ግን «ይሄ ሆስፒታል ነው፣ መስጊድ አይደለም» የሚል ሆነ። መጋረጃም አልነበረም። እህታችን ፊቷን በሒጃቧ ሸፍና ዝም አለች። ቀጠሮዋ ሲደርስ ግን አልተመለሰችም። በስተመጨረሻ ቁስሉ አመርቅዞ ቤተሰቦቿ ተሸክመው ወሰዷት።

ይህን ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ። መንግሥት ራሱ ግን ቅንጦት ነው ብሎ አያውቅም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኛ ተመደበ፤ ከ30,000 በላይ ከሆኑት ከእነዚህ ሠራተኞች ጥቂት የአርብቶ አደር አካባቢዎች ሲቀሩ ሁሉም ማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ እናት ለሴት እንደምትናገረው ለወንድ እንደማትናገር ስለታወቀ ነው። ታዲያ በቀበሌ የታወቀው እውነት ሆስፒታል ሲደርስ ለምን ይረሳል?

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 26 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ምክንያቱ ሁሉ ሐያእ ነው አንልም፤ ርቀትም፣ ገንዘብም፣ ልማድም አለ። ነገር ግን «ወንድ አያዋልደኝም» ብላ ቤቷ የቀረች እናት የማያውቅ ጀመዓ ይኖራል ብለን አናምንም።

በዲናችንም ጉዳዩ ግልጽ ነው። የዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 ብሩናይ ላይ ባደረገው ስብሰባ ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል። ለሴት ታካሚ በቅድሚያ ሙስሊም ሴት ሐኪም፣ ካልተገኘች ሙስሊም ያልሆነች ሴት፣ እሷም ካልተገኘች ወንድ። ዶሩራ ሲሆን በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። በመዲናው መስጊድ ድንኳን ተተክሎላት በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰለውን ሰዕድ ኢብን ሙዓዝን ያስታመመችው ሩፈይዳ ሴት ነበረች። ደም እየፈሰሳት ያለችን እህት «ሴት ነርስ እስክትመጣ» ብሎ ማስጠበቅ ዲን አይደለም፤ ይህን የሚያደርግ ባል ወይም ወንድም በአላህ ፊት ይጠየቅበታል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ሴት ነርስ በተረኝነት ላይ ካለች ትምጣ። ከሌለች አስታማሚዋ ሴት አጠገቧ ትቁም፣ መጋረጃ ይጋረድ፣ ከመግለጡ በፊት ይጠየቅ። ለወንዱም እንዲሁ ነው፤ ልጁ በምታህል ነርስ መታጠብ የሚያሳፍረው አባት አለ። ሙስሊም ነርስ ብቻ ትምጣልን አላልንም። የክርስቲያን ጎረቤታችን እናትም ይህንኑ ትፈልጋለች፤ ጠይቋት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያስከብራል። ጤና ጥበቃም ባለሙያው «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ይሁን ሲል ኖሯል። አክባሪነት ከዚህ ካልጀመረ ከየት ሊጀምር ነው?

«ሴት ነርስ አናሳ ናት» ለሚሉን ግን አንድ ጥያቄ አለን። በኒቃቧ ምክንያት ከትምህርት ግቢ የተመለሰችው ልጃችን ነገ ነርስ ወይም አዋላጅ ልትሆን ትችል አልነበረም? በአንድ በር አባርሮ በሌላው በር «የለችም» ማለት አይገባንም። እኛም ብንሆን ንጹህ አይደለንም። የአዳር ተረኝነት አለበት ብለን ሴት ልጃችንን ከነርስነት ያስቀረን አባቶች፣ ለሚስታችን ሴት አዋላጅ የምንፈልገው ከማን ቤት እንድትመጣ ነው?

ወንድ ነርሶችን ግን መዝለፍ አይገባም። አብዛኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያስታምሙናል፤ በአደብ ሲጠየቁ «እሺ እህቴን ልጥራልሽ» የሚሉም ብዙ ናቸው።

በሽተኛ ስታስተኙ፣ ገና ካርድ ሲወጣ ፍላጎታችሁን ተናገሩ፤ ካርዱ ላይ እንዲጻፍም ጠይቁ። ሰው እያለ ከተከለከላችሁ አትጨቃጨቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ክፍሉን መዝግባችሁ ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ አስገቡ፤ አንዱን ቅጂ ፈርማችሁና አስፈርማችሁ ቤታችሁ አስቀምጡ።